በእጅ የተሠራ አኩስቲክ ጊታር፦ ለድምፅ ስንት፣ ለጌጥ ስንት እየከፈሉ ነው?

800፣ 3,000 እና 8,000 ዶላር የሚጠየቅባቸው ሦስት አኩስቲክ ጊታሮች ጎን ለጎን ቢቀመጡ ከሩቅ የሚለያቸው ነገር ብዙ አይደለም። ሦስቱም የስፕሩስ ፊትና የሮዝውድ ጀርባ ሊኖራቸው ይችላል። ዋናው ልዩነት ያለው በድምፅ ቀዳዳው ውስጥ በስልክ መብራት ካልታየ በማይታይ ቦታና በማስመሪያ ካልተለካ በማይታወቅ ማዕዘን ላይ ነው። ፍርዳችንን ከመነሻው እንናገር፦ ክፍያ የሚገባው ለፊት ጣውላው፣ ፊቱን ከውስጥ ለሚያጸኑት ማገሮችና ለአንገቱ አገጣጠም ነው። ለጀርባው እንጨት ዝና የሚወጣው ገንዘብ በአብዛኛው ጆሮ ጋ አይደርስም።

«በእጅ የተሠራ» ሲባል

በትልልቅ ፋብሪካዎችም ቢሆን ማገር የሚለጥፈውና አንገት የሚገጥመው በአብዛኛው የሰው እጅ ነው። ስለዚህ ቃሉ ብቻውን ብዙ አይነግርም። ልዩነት የሚያመጣው ውፍረቱን የሚወስነው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ነው። በፋብሪካ ሁሉም የፊት ጣውላ በማሽን ተልጎ አንድ ውፍረት ላይ ይቆማል፤ ልኩም የሚመረጠው ደካማው ጣውላ እንኳ የክሩን ጉተታ ችሎ እንዲቆይ ታስቦ ነው። ጠንካራው ጣውላ በዚያው ልክ ይቀርና ከሚገባው በላይ ወፍራም ይሆናል፣ ድምፁም ይታፈናል። ጎበዝ ጊታር ሠሪ ግን እያንዳንዱን ጣውላ በእጁ እያጎበጠ፣ እያንኳኳና እየመዘነ ነው የሚያሳሳው።

ጉዳዩ ጥቃቅን ይመስላል፤ አይደለም። የጣውላ ግትርነት ከውፍረቱ ጋር በሦስተኛ ርቢ ስለሚሄድ 3 ሚሊሜትር የነበረው ፊት ወደ 2.7 ቢወርድ፣ ማለትም በ10 በመቶ ቢሳሳ፣ ግትርነቱ ወደ 27 በመቶ ይቀንሳል። የብረት ክር ጊታር ፊት ብዙውን ጊዜ ከ2.5 እስከ 3 ሚሊሜትር፣ የናይለን ክር ጊታር ደግሞ ከ2 እስከ 2.5 ሚሊሜትር ነው። በዚህ ግማሽ ሚሊሜትር ውስጥ ነው የሠሪው ዕውቀት ሁሉ የሚታየው። ሻጩን «በእጅ ነው የተሠራው?» ከማለት ይልቅ «የዚህ ፊት ውፍረት ስንት ነው? ለምን እዚያ ላይ ቆመ?» ብለው ይጠይቁ። ለዚህ መልስ የሌለው ሠሪ የእጅ ሥራ ዋጋ መጠየቅ የለበትም።

ከሁሉ በፊት ግን ጣውላው እውነተኛ አንድ ወጥ እንጨት መሆኑን ያረጋግጡ። የድምፅ ቀዳዳውን ጠርዝ በብርሃን ይመልከቱ፦ ከላይ የሚታዩት የእንጨቱ መስመሮች ጠርዙን አልፈው ወደ ውስጥ ከቀጠሉ አንድ ወጥ ነው፤ እንደ ሳንድዊች የተደራረቡ ንብርብሮች ከታዩ ኮምፔንሳቶ ነው። ጠርዙ በጌጥ ከተሸፈነ ጀርባው ላይ አንድ ጉጥ ወይም ልዩ መስመር ይምረጡና በውስጥ በኩል በትክክለኛው ቦታ መኖሩን ይፈልጉ። ኮምፔንሳቶ ጊታር ድርቀትን ስለሚችል ለጀማሪና ለመንገድ ይጠቅማል። ከ500 ዶላር በላይ ሊከፈልበት ግን አይገባም።

ፊት፦ ስፕሩስ ወይስ ሴዳር?

አንቶኒዮ ደ ቶሬስ፣ የዛሬው የናይለን ክር ጊታር ቅርጽና ልክ ባለውለታ የሆነው የአልሜሪያው ሠሪ፣ በ1862 ጀርባውንና ጎኑን በካርቶን፣ ፊቱን ብቻ በስፕሩስ የሠራው ጊታር አለ። ሊያሳይ የፈለገው ድምፁን የሚያወጣው ፊቱ መሆኑን ነበር። ጊታሩ ዛሬ በባርሴሎና የሙዚቃ ሙዚየም ይገኛል። የቶሬስ ሐሳብ እስከ ዛሬ የሚሠራ የግዢ መመሪያ ነው፦ በጀት ጠባብ ከሆነ የሚቀነሰው ከጀርባው እንጂ ከፊቱ መሆን የለበትም።

ከአላስካና ከብሪቲሽ ኮሎምቢያ የሚመጣው ሲትካ ስፕሩስ በብረት ክር ጊታሮች ላይ በብዛት የሚገኘው ነው። ለስላሳም ጠንካራም ምት ይችላል፤ ዋጋውም መካከለኛ ነው። አዲሮንዳክ የሚባለው የምሥራቅ አሜሪካ ቀይ ስፕሩስ ከዚያ ይበልጥ ግትር ስለሆነ በኃይል ሲመታ ድምፁ አይደፈርስም። በቀስታ ለሚጫወት ጣት ግን፣ በተለይ አዲስ ሳለ፣ ደረቅና የተዘጋ ሊመስል ይችላል። ጭማሪው በብዙ ወርክሾፖች በመቶዎች ዶላር የሚቆጠር ነው፤ ለብቻው በጣት ለሚጫወት ሰው አንመክረውም። የአውሮፓ ስፕሩስ ቀለል ያለና ጥራቱ የጎላ ሲሆን የስፔን ሠሪዎች የቆየ ምርጫ ነው።

ሴዳር ከስፕሩስ ይቀላል፣ ይለሰልሳልም። ገና ከሠሪው እጅ ሲወጣ ጀምሮ ሞቅ ያለ፣ የተከፈተ ድምፅ ይሰጣል፤ ቀስ ብሎ ለሚነካው ጣት ወዲያው ይመልሳል። ችግሩ ከፍታው ላይ ነው፦ በኃይል ሲመታ ከአንድ ደረጃ በኋላ ድምፁ መጨመሩን አቁሞ መደፍረስ ይጀምራል። በጥፍር ብቻ እንኳ ይሰረጎዳል። ስፕሩስ በዓመታት ጨዋታ ድምፁ ይከፈታል የሚባለው በሠሪዎችም በተጫዋቾችም ዘንድ የታመነ ነው፤ ነገር ግን ዛሬ ደስ ያላለዎትን ጊታር «ከአምስት ዓመት በኋላ ይከፈታል» ተብሎ አይግዙ።

ማገሮቹ

ከፊቱ በታች የተለጠፉት ቀጫጭን እንጨቶች እንደ ቤት ግድግዳ ማገር ፊቱን ያጸናሉ፤ የትኛው ቦታ እንደሚንቀሳቀስ የሚወስኑትም እነሱ ናቸው። በናይለን ክር ጊታር ከቶሬስ የወረደው የማራገቢያ ቅርጽ አደራደር የተለመደ ነው፤ ብዙ ጊዜ አምስት ወይም ሰባት ማገር አለው። የብረት ክር ጊታር የሚጠቀመው በ1840ዎቹ በአሜሪካው ጊታር ሠሪ በማርቲን ሥራ የታወቀውን የኤክስ ቅርጽ ነው። ምክንያቱ ጉተታው ነው፦ 12 የሚባለው (ቀጭኑ ክር 0.012 ኢንች የሆነው) የብረት ክር ስድስቱም ሲወጠሩ ወደ 70 ኪሎ ይጎትታሉ፤ ናይለኑ ወደ 40 ኪሎ ነው። ናይለን ጊታር ላይ የብረት ክር የሚያስሩ ሰዎች ብሪጁ (ክሮቹ ፊቱ ላይ የሚታሰሩበት እንጨት) ሲላቀቅ፣ ፊቱም ሲያብጥ የሚያዩት ለዚህ ነው። በርካሽ ጊታር እንደ መሰላል አግድም ብቻ የተለጠፉ ማገሮች ካዩ ድምፁ አጭርና ደረቅ መሆኑን ከመስማትዎ በፊት መገመት ይችላሉ።

የስልክዎን ካሜራ መብራቱን አብርተው በድምፅ ቀዳዳው ያስገቡና ቪዲዮ ይቅረጹ። የሚፈልጉት የማገሮቹ ጫፍ ጎኑ ጋ በጥብቅ መግባቱን፣ የተትረፈረፈ ኮላ መጠረጉን፣ ብሪጁ ሥር ያለው ጠንካራ እንጨት አለመሰንጠቁን ነው። ከዚያ ፊቱን በብሪጁ ዙሪያ በጣትዎ ጫፍ ቀስ ብለው ያንኳኩ። የሚንዘረዘር ድምፅ ከተሰማ የተላቀቀ ማገር አለ። ጥገናው ከባድ አይደለም፤ ዋጋ ለማስቀነስ ግን በቂ ምክንያት ነው።

ጀርባና ጎን፦ ገንዘብ በከንቱ የሚፈስበት ቦታ

የሮዝውድ ስም ጊታሩን በብዙ ሺህ ዶላር ሊያስወድደው ይችላል። በእንግሊዝ ላንካስተር ዩኒቨርሲቲ የተመራና በ2018 የታተመ ጥናት ይህንን በቀጥታ ፈትኖታል። አንድ ሠሪ ስድስት የብረት ክር ጊታሮችን በተቻለ መጠን አንድ ዓይነት አድርጎ ሠራ፤ የተለያየው ጀርባና ጎናቸው ብቻ ነበር፦ የብራዚል ሮዝውድ፣ የህንድ ሮዝውድ፣ ማሆጋኒ፣ ሜፕል፣ ሳፔሌና ዋልነት። 52 ጊታሪስቶች የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳያዩ ተጫወቱባቸው። የድምፁ ጥራት ላይ የሰጡት ደረጃ ከጊታር ጊታር እምብዛም አልተለያየም፤ እንጨቶቹን በጆሮ መለየትም አልቻሉም።

ይህ ማለት ጀርባው ምንም አያደርግም ማለት አይደለም። የህንድ ሮዝውድ በአንድ ሜትር ኩብ ወደ 830 ኪሎ ይመዝናል፣ የሆንዱራስ ማሆጋኒ ደግሞ ወደ 590። ስለዚህ የሮዝውዱ ጊታር በእጅ ሲያዝ ይከብዳል፤ ሠሪውም ለክብደቱ ብሎ ሌሎች ነገሮችን ሊለውጥ ይችላል። ግን ሁለት ጊታሮች በሁሉም እኩል ሆነው አንዱ በማሆጋኒ 1,000 ዶላር ቢቀንስ ማሆጋኒውን መውሰድ ነው።

የብራዚል ሮዝውድ ሌላም ጣጣ አለው። ከ1992 ጀምሮ ለመጥፋት የተቃረቡ ዕፅዋትና እንስሳት ንግድን በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ የሳይትስ ስምምነት በጥብቁ ዝርዝር ውስጥ ስላለ ያለ ሰነድ ከአገር አገር ማሻገር ክልክል ነው። ሌሎቹ ሮዝውዶች በ2017 መጀመሪያ ቁጥጥር ቢገባባቸውም ተሠርተው ከተጠናቀቁ የሙዚቃ መሣሪያዎች ላይ ግን በኅዳር 2019 ተነሥቷል። (እነዚህ ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ከዋሽንግተን ወይም ከፍራንክፈርት አሮጌ ጊታር ገዝቶ ወደ አዲስ አበባ ለሚልክ ሰው ይህ በተግባር የሚያጋጥም ጉዳይ ነው። ሻጩ «ብራዚል» ካለ ሰነዱን በእጅዎ ሳይዙ አይክፈሉ።

የትኛው ለየትኛው ጨዋታ?

ለመዝሙር አጀብ፣ ብዙ ድምፅ በሚዘምርበት አዳራሽ ኮርድ ለሚመታ ሰው፣ ትልቁ ድሬድኖት ቅርጽ (ታችኛው ወገቡ ወደ 397 ሚሊሜትር) ከሲትካ ፊትና ከማሆጋኒ ጀርባ ጋር ተስማሚ ነው። ከማይክ ፊት ግን ወፍራሙ ድምፁ ሊያስቸግር ይችላል። ስቱዲዮ ለሚገባና በጣት ለሚጫወት ወደ 381 ሚሊሜትር የሆነው ኦኤም ቅርጽ የተመጣጠነ ነው፤ አንዱ ክር ሌላውን አይውጠውም።

ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን በነጠላ ክር ለሚያዜም ሰው ጥያቄው ይለያል። በእኛ ቅኝቶች ዜማው የሚኖረው ድምፆቹ መሐል ባለው ማንሸራተትና ማንቀጥቀጥ ላይ ስለሆነ፣ ድምፁ ከተመታ በኋላ ስንት ጊዜ ሳይሞት ይቆያል የሚለው ከጉልበቱ ይበልጣል። የብረት ክር በጎን ሲገፋ ድምፁ ቶሎ ይነሣል፣ ረጅም ጊዜም ይጮኻል። ናይለን በጎን ቢገፋ ድምፁ ብዙ አይነሣም፤ ግን በክሩ ርዝመት አቅጣጫ ሲያንቀጠቅጡት ሰፊና ለስላሳ ይሆናል፣ አመታቱም ወደ ክራር ይቀርባል። ከክራር ለመጣ እጅ ናይለኑን፣ በተለይ የሴዳር ፊት ያለውን፣ እንመርጣለን። የአንገቱ ስፋት ግን ይፈትናል፦ የናይለኑ ነት (በአንገቱ ጫፍ ክሮቹ የሚያርፉበት ቀጭን ዘንግ) ወደ 52 ሚሊሜትር፣ የብረቱ ከ43 እስከ 44.5 ነው። ትንሽ እጅ ያለው ሰው ከመግዛቱ በፊት ባሬ ኮርድ (አንድ ጣት ክሮቹን ሁሉ አግድም የሚጫንበት) ለአምስት ደቂቃ ሳያቋርጥ ይያዝበት።

አንገቱ፦ ያልለካ የሚከስርበት

ያገለገለ የብረት ክር ጊታር ሲገዛ ትልቁ አደጋ ይህ ነው። ክሩ ለዓመታት ሲጎትት አካሉ ቀስ በቀስ ይታጠፍና አንገቱ ወደ ፊት ያዘነብላል፤ ክሩም ከፍሬቱ (አንገቱ ላይ አግድም ከተተከለው የብረት መስመር) ይርቃል። መድኃኒቱ አንገቱን በእንፋሎት ነቅሎ በአዲስ ማዕዘን መመለስ ነው። አሜሪካ ውስጥ ይህ በመቶዎች ዶላር ያስከፍላል። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ሥራውን የሚደፍር ባለሙያ ማግኘቱ ራሱ ከባድ ነው።

ለመለካት ቀጥ ያለ ረጅም ማስመሪያ በፍሬቶቹ ላይ አስተኝተው ወደ ብሪጁ ይግፉት። ጫፉ የብሪጁን እንጨት የላይኛ ገጽ ልክ ከነካ ወይም በጥቂቱ ከበላዩ ካለፈ ጤነኛ ነው። ከገጹ በታች ሄዶ ከእንጨቱ ጋር ከተጋጨ አንገቱ ጥገና ይፈልጋል። ቀጥሎ ሳድሉን (ብሪጁ ላይ ክሮቹ የሚያርፉበትን ቀጭን ዘንግ) ይመልከቱ፦ ከብሪጁ በላይ ቢያንስ 3 ሚሊሜትር ሊታይ ይገባል። 1 ሚሊሜትር ብቻ የቀረው ሳድል ቀድሞ የነበረው ባለቤት ችግሩን በብርጭቆ ወረቀት ሲያስታምም እንደቆየ ይናገራል።

የክሩን ከፍታ 12ኛው ፍሬት ላይ፣ ከፍሬቱ አናት እስከ ክሩ ሥር ይለኩ። በብረት ክር ወፍራሙ ላይ 2.4፣ ቀጭኑ ላይ 1.8 ሚሊሜትር አካባቢ፤ በናይለን 4 እና 3 አካባቢ ለአብዛኛው እጅ ይስማማል። ከዚህ ከበዛ ከሳድሉ የሚላገው እጥፉ ነው፦ 12ኛው ላይ ግማሽ ሚሊሜትር ለማውረድ ከሳድሉ 1 ሚሊሜትር ይወጣል። ሳድሉ ያን ያህል ትርፍ ከሌለው ዋጋው ላይ የጥገናውን ወጪ ይቀንሱ። ትረስ ሮድ፣ ማለትም በአንገቱ ውስጥ ያለው የብረት ዘንግ፣ የክር ከፍታን ለማውረድ የተሠራ አይደለም፤ አንገቱ ላይ ያለውን ጉብጠት ብቻ ያስተካክላል። በእሱ ከፍታ ለማውረድ የሚታገል ሰው ፍሬቶቹ ሁሉ እንዲንጣጡ ያደርጋል፣ አልፎም ብሎኑን ይበላዋል።

በብሎን የተገጠመ አንገት ለጥገና ቀላል ነው፤ በኮላና በእርግብ ጅራት ማያያዣ የተገጠመው የቆየ ዘዴ ነው። ከሁለቱ አንዱ በድምፅ ይበልጣል የሚለውን ክርክር ትተን፣ ጥሩ ጠጋኝ ርቆ ለሚኖር ሰው ብሎኑን እንመርጥለታለን። የስፔኑ ናይለን ጊታር አንገቱና አካሉ አብረው ስለሚሠሩ ሊነቀል አይችልም። ስለዚህ በእሱ ላይ የመጀመሪያው ማዕዘን ትክክል መሆኑ ሁሉ ነገር ነው።

ቅባት

በጎማላካ በጨርቅ የተቀባ ናይለን ጊታር ቅባቱ ወረቀት ያህል ስስ ስለሆነ ፊቱን አያፍነውም። ግን ላብ፣ አልኮልና ሙቀት ያጠፉታል፤ ሁልጊዜ ክንዳቸው የሚያልባቸው ሰዎች በሁለት ዓመት ውስጥ ጠርዙን ሊገላልጡት ይችላሉ። ናይትሮ ላከር የሚባለው ቫርኒሽ መካከለኛ ነው። የፋብሪካ ወፍራም ፖሊስተር ጭረትን ይችላል፤ ፊቱን ግን እንደ ፕላስቲክ ሽፋን ይይዘዋል። ከጎን በብርሃን ሲያዩት እንደ መስታወት ፍጹም ዝርግ ሆኖ የእንጨቱ መስመር ገጹ ላይ ምንም ካልታየበት ቅባቱ ወፍራም መሆኑን ይጠርጥሩ።

የሚኖሩበት አየር

በእጅ የተሠራ ስስ ጊታር የሚፈልገው ከ45 እስከ 55 በመቶ የአየር እርጥበት ነው፤ አብዛኞቹ ወርክሾፖች የሚሠሩትም በዚያው ውስጥ ነው። አዲስ አበባ በክረምት ከዚያ በላይ ትረጥባለች፣ በበጋ ከሰዓት በኋላ በግልጽ ትደርቃለች። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ውጪው ወበቅ ሆኖ ቤቱ በኤሲ ይደርቃል። በሰሜን አሜሪካ ክረምት ደግሞ ማሞቂያው የቤቱን አየር ወደ 20 በመቶ ሊያወርደው ይችላል። እንጨት ሲደርቅ በወርዱ ይሸበሸባል፦ መጀመሪያ የፍሬት ጫፎች ከአንገቱ ጎን ወጥተው እጅ ይቧጥጣሉ፣ ፊቱ ይሰምጣል፣ ክሩ ወርዶ ይንጣጣል፤ በመጨረሻ ከብሪጁ ጀምሮ ይሰነጠቃል። ሲረጥብ በተቃራኒው ፊቱ ያብጣል፣ ክሩም ይርቃል።

በጠንካራ ኬዝ ውስጥ ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ያስቀምጡ። በበጋ የተበሳሳ የሳሙና መያዣ ውስጥ እርጥብ ግን የማይንጠባጠብ ስፖንጅ ማኖር ይሠራል፤ በየሦስት ቀኑ ይፈትሹት። በፀሐይ የቆመ መኪና ውስጥ ደግሞ ጊታር በፍጹም አይተው፤ ኮላው ለስልሶ ብሪጁ ከነክሩ ይንሸራተታል።

ዋጋና ዳግም ሽያጭ

ከ500 እስከ 1,000 ዶላር ሙሉ በሙሉ አንድ ወጥ እንጨት የሆነ ጥሩ የፋብሪካ ጊታር ይገኛል፤ ብዙ ሰው ከዚህ በላይ አያስፈልገውም። ሜክሲኮ ውስጥ ሚቾአካን ግዛት ያለችው ፓራቾ ከተማ በጊታር ሠሪዎቿ የታወቀች ናት። ከጥቂት መቶ ዶላር ጀምሮ የእጅ ሥራ ናይለን ጊታር ይሸጥባታል፤ የጥራቱ መለያየት ሰፊ ስለሆነ ግን ሳይሞክሩ መግዛት አያዋጣም። እንደ ኮሊንግስና ሳንታ ክሩዝ ያሉ አነስተኛ የአሜሪካ ወርክሾፖች በአብዛኛው ከ4,000 ዶላር በላይ ናቸው። ብቻውን የሚሠራ ታዋቂ ሠሪ ከዚያም በላይ ይጠይቃል፤ ወረፋውም ከዓመት ሊበልጥ ይችላል።

ስሙ የታወቀ ወርክሾፕ ጊታር ሲሸጥ ገዢ ቶሎ ያገኛል። ስሙ ገና ያልተሰማ ሠሪ ሥራ በድምፅ ቢበልጥም ሲሸጡት ብዙ ያጎድላል፤ ስለዚህ ለዕድሜ ልክ ለሚይዘው ሰው ጥሩ፣ ሁለት ዓመት ተጫውቶ ለሚቀይር ሰው ኪሳራ ነው። ከሁሉ የምንመክረው ከአሥር እስከ ሃያ ዓመት የሆነው፣ አንገቱ ተለክቶ ጤነኛ የተባለ የወርክሾፕ ጊታር ነው። አዲስነቱ የሚያስከፍለውን የመጀመሪያው ባለቤት ከፍሎለታል።

ሲሞክሩ

ሁሉንም ጊታሮች በአንድ ዓይነት አዲስ ክር ያስሞክሩ፤ አሮጌ ክር ጥሩውን ጊታር ያደነቁረዋል፣ አዲስ ክር መጥፎውን ያሳምረዋል። ዓይንዎን ጨፍነው ሰው እየቀያየረ ይስጥዎት። ትዝታን በሜጀሩ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ፣ በአንድ ክር ላይ ወደ ላይ ይውጡ፤ ከዚያ ያንኑ ዜማ በሁለት ክር ከፍለው ይድገሙት። የአንዱ ክር ድምፅ ከሌላው የማይመሳሰል ከሆነ ያስተውሉት። ቀጥሎ እያንዳንዱን ፍሬት በተራ ይምቱና ድምፁ ቶሎ የሚሞትበትን ይፈልጉ፤ በተለይ ወፍራሙ ክር 3ኛ እስከ 5ኛ ፍሬት ላይ፣ ማለትም ወደ 100 ኸርዝ አካባቢ፣ የአካሉ አየር ራሱ ስለሚያስተጋባ አንድ ድምፅ ጎልቶ ሊጮኽ ወይም ሊዋጥ ይችላል። ጥቂት መለያየት በሁሉም አለ፤ ዜማዎ ዘወትር የሚያርፍበት ድምፅ ላይ ከሆነ ግን ይተዉት። በመጨረሻ 12ኛው ላይ ክሩን በመንካት ብቻ የሚወጣውንና ተጭነው የሚወጣውን ድምፅ በመቃኛ ያወዳድሩ፤ ከ5 ሴንት (ሴንት የግማሽ ድምፅ መቶኛ ነው) በላይ ከተለያየ ሳድሉ መሠራት አለበት።

በፖስታ ከገዙ ብዙ የአሜሪካ ሱቆች የ24 ወይም የ48 ሰዓት መሞከሪያ ይሰጣሉ፤ ሰዓቱ ከየትኛው ደቂቃ እንደሚቆጠር በጽሑፍ ያስቀምጡ። ኬዙ ሲደርስ ወዲያው አይክፈቱት፤ ቤት ውስጥ ጥቂት ሰዓት ዘግተው ያቆዩት፣ አለበለዚያ የቀዘቀዘው ቅባት በድንገተኛ ሙቀት ይሰነጣጠቃል። ከከፈቱት በኋላ ማስመሪያውን በፍሬቶቹ ላይ ያስተኙ፣ የክሩን ከፍታ ለክተው በወረቀት ይጻፉ፣ የውስጡን ቪዲዮ ይቅረጹ፤ በማግሥቱ ጠዋት እንደገና ይለኩ። ቁጥሩ ከግማሽ ሚሊሜትር በላይ ከተለወጠ ከመወሰንዎ በፊት ሻጩን በምን ያህል እርጥበት እንዳስቀመጠው ይጠይቁት።